ቴሌቪዥን፣ ሪሲቨርና ላፕቶፕ ሲገናኙ ብረታቸው የሚነዝረው፣ የኤችዲኤምአይ መሰኪያውም የሚበላሸው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ተከራይ፣ ከማራኪ

ጤና ይስጥልኝ። የቤት ኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችን አገጣጠምና ጥገና የምታውቁ ሁሉ ምክራችሁን እንድትለግሱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የምኖረው ጎንደር ማራኪ አካባቢ፣ ብዙ ተከራዮች ባሉበት ግቢ ውስጥ ነው። የግቢው ሰው ሁሉ የሚጠቀመው በአንድ ቆጣሪ ሲሆን፣ ከአከራያችን ቤት ተነሥቶ ወደ እኔ ክፍል የሚመጣው መስመር ሁለት ሽቦ ብቻ አለው። የግድግዳዬ ሶኬት የኧርዝ (ኮረንቲን ወደ መሬት የሚያወርድ መስመር) ብረት ያለው ዓይነት ቢሆንም፣ በቅርቡ ማብሪያ ማጥፊያ ሊቀይርልኝ የመጣ ሠራተኛ ክዳኑን ከፍቶ ሲያሳየኝ ከጀርባው ሦስተኛ ሽቦ የሚባል ነገር የለም።

ዕቃዎቼ ባለ 43 ኢንች ስማርት ቴሌቪዥን፣ የሳተላይት ሪሲቨር፣ ላፕቶፕ፣ እንዲሁም ታላቅ ወንድሜ ትቶልኝ የሄደው አምፕሊፋየር ከሁለት ስፒከሮቹ ጋር ናቸው። ሁሉም የሚሰኩት በአንድ ዲቫይደር ላይ ነው፤ ዲቫይደሩ ደግሞ ስታብላይዘር ላይ ይሰካል። ዲሹ የቆመው ከቤቱ ጀርባ መሬት ውስጥ በሲሚንቶ በተተከለ የብረት ቱቦ ላይ ነው። የቴሌቪዥኑ፣ የሪሲቨሩና የአምፕሊፋየሩ ፕለግ ባለ ሁለት እግር ሲሆን፣ የኧርዝ መያዣ ያለው የላፕቶፑ ቻርጀር ብቻ ነው።

በጣም የሚያሳስበኝ መንዘሩ ነው። የዲሹን ገመድ ጫፍ በአንድ እጄ፣ የቴሌቪዥኑን የጀርባ ብረት በሌላው እጄ ስይዝ በግልጽ ይነዝረኛል፤ ወለሉ ተወልውሎ ሳይደርቅ በባዶ እግሬ ቆሜ የላፕቶፑን ክዳን ስነካም ቆዳዬን የሚወጋጋ ነገር ይሰማኛል። ያየችውን ሁሉ የምትዳስስ የአራት ዓመት ልጅ ስላለችኝ ነገሩን ቸል ልለው አልቻልኩም። ከዚህ ሌላ፣ ሪሲቨሩ ይሰካበት የነበረው የመጀመሪያው የኤችዲኤምአይ መሰኪያ፣ ለጽዳት ተነቅሎ የነበረውን ገመድ መልሼ በሰካሁበት ቅጽበት ትንሽ ብልጭታ ታየበት፤ ከዚያ ወዲህ «ሲግናል የለም» ከማለት በቀር ምንም አያሳይም። ያየው ጠጋኝ ዋናው ቦርድ ካልተቀየረ አይሠራም ብሎኛል፤ የጠየቀኝ ዋጋም አዲስ ቴሌቪዥን ለመግዛት ጥቂት የሚቀረው ነው። በሁለተኛው መሰኪያ ላፕቶፑን ባገናኝ ሥዕሉ ይመጣል፤ ድምፁ ግን ከላፕቶፑ እንጂ ከቴሌቪዥኑ አይወጣም። ላፕቶፑን በጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ በኩል ከአምፕሊፋየሩ ጋር ሳገናኘው ደግሞ ቻርጀሩ እስከተሰካ ድረስ ስፒከሮቹ «እምምም» እያሉ ያጉረመርማሉ፤ ቻርጀሩ ሲነቀል ዝም ይላሉ።

የጠየቅኋቸው ሰዎች የሰጡኝ ምክር እርስ በርሱ የሚጋጭ ነው። አንዱ ትልቅ ስታብላይዘር ግዛ ይለኛል፤ ሌላው ሶኬቱ ውስጥ የኧርዙን ብረት ከኒውትራሉ (ኮረንቲው ከሚመለስበት ሽቦ) ጋር በአጭር ሽቦ ካገናኘኸው መንዘሩ ወዲያውኑ ይጠፋል ይለኛል። እነዚህ ሁሉ የተለያዩ ብልሽቶች ናቸው ወይስ ምንጫቸው አንድ ነው? ቀሪውን መሰኪያ ሳላጣ ዕቃዎቹን በምን ቅደም ተከተል ላገናኛቸው? አከራዬንስ ምን እንዲሠራልኝ ልጠይቀው?

መልስ፦ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ፣ ከፒያሳ

ጠያቂያችን፣ የዘረዘሯቸው ችግሮች ከአንዱ በስተቀር ምንጫቸው አንድ ነው፤ እሱም የኧርዝ መስመር አለመኖሩ ነው። የተለየው የላፕቶፑ ድምፅ ጉዳይ ስለሆነ እሱን አስቀድሜ ልጨርሰው። በላፕቶፑ ስክሪን ታችኛው ቀኝ ጥግ ያለውን የድምፅ ምልክት ተጭነው የድምፅ መውጫዎቹን ዝርዝር ሲከፍቱ የቴሌቪዥኑን ስም ያገኙታልና እሱን ይምረጡ። ስሙ ከሌለ የኤችዲኤምአይ ገመዱ እንደተሰካ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከፒ ፊደል ጋር በአንድነት ተጭነው ሥዕሉን ወደ ሁለቱም ስክሪን የሚልከውን አማራጭ ይምረጡና ዝርዝሩን እንደገና ይመልከቱ። ከዚህ ያለፈ ነገር የለውም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንመጣ፣ የዛሬ ቴሌቪዥን፣ ሪሲቨርና ቻርጀር ሁሉ የሚሠሩት በስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ ነው። ይህ ፓወር ሰፕላይ የገባለትን 220 ቮልት በሰከንድ በብዙ ሺህ ጊዜ እየቆራረጠ ስለሚያወርደው የሬድዮና የሥዕል ሞገድን የሚረብሽ ነገር ይፈጥራል፤ ፋብሪካዎች ይህን ረብሻ ለማፈን ሲሉ የመብራቱን ወገን ከዕቃው የብረት ወገን ጋር በትንሽ ካፓሲተር ያገናኙታል። ዕቃው ሲከፈት ብዙውን ጊዜ ሰማያዊና ክብ ሆኖ የሚታየው ይህ ካፓሲተር ቢበላሽ እንኳ ሾርት እንዳይሆን ተብሎ በልዩ ጥንቃቄ የሚሠራ ነው። ሆኖም ሥራው ራሱ ጥቂት ኮረንቲ ወደ ብረቱ ማሳለፍ ነው። ኧርዝ ባለበት ቤት ይህ ኮረንቲ ማንም ሳያውቀው ወደ መሬት ይወርዳል፤ በእርስዎ ቤት ግን መውረጃ ስለሌለው ብረቱ ላይ ይቀራል፤ መሬት የነካ ሰው ብረቱን ሲነካ መውረጃው ያ ሰው ይሆናል።

ብረቱንና መሬቱን በዲጂታል መልቲሜትር ቢለኩ የ220ውን ግማሽ ያህል፣ ማለትም 110 ቮልት አካባቢ ሊያነቡ ይችላሉ። ቁጥሩ ቢያስደነግጥም በዚያ መንገድ ሊያልፍ የሚችለው ኮረንቲ ግን እጅግ ትንሽ ነው። በአግባቡ ለተሠራ ባለ ሁለት እግር ዕቃ የሚፈቀደው ከ0.25 ሚሊ አምፒር አይበልጥም፤ ሰው ኮረንቲ የሚሰማው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 0.5 ሚሊ አምፒር አካባቢ ሲደርስ ነው። ታዲያ ለምን ይሰማዎታል ቢሉ፣ ዕቃዎቹ በኤችዲኤምአይና በድምፅ ገመድ ሲያያዙ ብረታቸው ሁሉ አንድ ስለሚሆን ከእያንዳንዱ የሚያልፈው ጥቂት ጥቂት ይደመራል። በዚያ ላይ እንደ ላፕቶፕዎ ቻርጀር ያለ የኧርዝ መያዣ ያለው ዕቃ፣ ኧርዝ ይኖረዋል ተብሎ የተሠራ ስለሆነ፣ ከባለ ሁለት እግሩ የበለጠ እንዲያሳልፍ ይፈቀድለታል። ኧርዙ በሌለበት ያ ሁሉ ወደ ቴሌቪዥኑም ወደ አምፕሊፋየሩም ይሄዳል። ቻርጀሩ ሲነቀል ስፒከሮቹ ዝም የሚሉትም ለዚሁ ነው፤ ማጉረምረሙ በድምፅ ገመዱ መሸፈኛ በኩል የሚመላለሰው ኮረንቲ ድምፅ ሆኖ ሲሰማ ነው።

መሰኪያው የተቃጠለበትን መንገድ በዝርዝር ማየት ይገባል፤ ምክንያቱም ቀሪው መሰኪያ በዚያው መንገድ ሊሄድ ይችላል። የዲሽዎ ቱቦ መሬት ውስጥ የተተከለ ብረት ነው። የዲሹ ገመድ የውጭ መሸፈኛ ከኤል ኤን ቢው (ዲሹ ፊት ካለው የሲግናል መቀበያ) አካል ጋር፣ ኤል ኤን ቢው ከዲሹ ክንድ ጋር፣ ክንዱ ከቱቦው ጋር ይነካካል። ስለዚህ የዲሹ ገመድ የተጠመደበት ሪሲቨር ወደ መሬት የሚያወርድ መንገድ ሲኖረው፣ የቴሌቪዥኑ፣ የላፕቶፑና የአምፕሊፋየሩ ብረት ግን መውረጃ ስለሌለው ቮልቴጁ ከፍ እንዳለ ይቀራል። ሁለቱን በኤችዲኤምአይ ገመድ ባገናኙበት ቅጽበት ያ ልዩነት በአንድ ጊዜ ይተላለፋል፤ ያዩት ብልጭታም እሱ ነው። ገመዱ ቀጥ ብሎ ሲገባ መጀመሪያ የሚነካካው የውጭው ብረት ስለሆነ ጉዳቱ ሊያልፍ ይችላል፤ ገመዱ ዘመም ብሎ ከገባ ወይም መሰኪያው የላላ ከሆነ ግን ልዩነቱ ከ19ኙ ቀጫጭን መስመሮች በአንዱ በኩል ያልፋል። በእነዚያ መስመሮች ላይ ከሁሉ የሚበልጠው የሥራ ቮልቴጅ 5 ስለሆነ ቺፑ አይችለውም።

ስለዚህ ከአሁን በኋላ ማንኛውንም ገመድ ከመንካትዎ በፊት ሁሉንም ዕቃ ከሶኬት ይንቀሉ። በሪሞት ማጥፋት አይበቃም፤ የዲቫይደሩን ማጥፊያ መጫንም ብዙውን ጊዜ አንዱን ሽቦ ብቻ ስለሚቆርጥ አያስተማምንም። የዲሹን ገመድ፣ ኤችዲኤምአዩንና የድምፁን ገመድ ሁሉ አገናኝተው ከጨረሱ በኋላ ፕለጎቹን በመጨረሻ ይሰኩ። ይህ ልማድ የዲሹን ወገንም ያድናል፤ ሪሲቨሩ በዲሹ ገመድ በኩል ለኤል ኤን ቢው 13 ወይም 18 ቮልት ስለሚልክ፣ መብራት እያለ ገመዱን ሲያጠብቁ ከመሸፈኛው አንዲት ቀጭን ሽቦ ተርፋ የመሐሉን ከነካች የሪሲቨሩ የኤል ኤን ቢ ክፍል ሊቃጠል ይችላል።

ቦርድ ከማስቀየርዎ በፊት ደግሞ ጥቂት ነገሮችን ይሞክሩ። ሌላ ገመድና ሌላ ዕቃ በዚያው መሰኪያ ላይ ያስገቡ፤ ቴሌቪዥኑን ከሶኬት ነቅለው በራሱ ላይ ያለውን ማብሪያ ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭነው ከቆዩ በኋላ ይመልሱትና ይዩ። ከዚህ በኋላም ያ መሰኪያ ብቻ ካልሠራ ቺፕ ደረጃ ድረስ የሚጠግን ባለሙያ ዘንድ ይውሰዱት። በአንዳንድ ቴሌቪዥኖች ላይ በየመሰኪያው ፊት የሰሊጥ ፍሬ የሚያህሉ መከላከያዎች አሉ፤ የተቃጠሉት እነሱ ከሆኑ በጥቂት ወጪ ይቀየራሉ። ጉዳቱ ዋናው ቺፕ ውስጥ ከሆነ ግን ጠጋኙ ያለዎት እውነት ነው። ያኔም ቢሆን ቦርድ መቀየር ግዴታ አይደለም፤ ብዙ መግቢያ ያለው የኤችዲኤምአይ ስዊች ገዝተው ሪሲቨሩንም ላፕቶፑንም በሁለተኛው መሰኪያ ማስገባት ይችላሉ። ወጪውን ለኧርዙ ቢያውሉት ይሻላል፤ ኧርዙ ሳይሠራ የሚገባ አዲስ ቦርድ ዕጣው ያው ነውና።

መልስ፦ ተጠቃሚ፣ ከአራዳ

በእኔ ቤትም ተመሳሳይ ነገር ነበር። የቴሌቪዥኑን ፕለግ ነቅዬ አገላብጬ ስሰካው መንዘሩ በጣም ቀነሰልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ችግር አላየሁም። ከላይ እንደተገለጸው ኮረንቲው ትንሽ ከሆነ ይህን ያህል ወጪ ማውጣት ያስፈልጋል ወይ? ቢሞክሩት አይጎዳም ብዬ ነው።

መልስ፦ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ከአዘዞ

ፕለጉን ማገላበጥ በአንዳንድ ዕቃ ላይ በእርግጥ ስሜቱን ይቀንሳል፤ ፌዙ (ኮረንቲ ያለበት ሽቦ) የሚገባበት ወገን ሲለወጥ በካፓሲተሩ በኩል የሚያልፈው መጠን ሊለወጥ ስለሚችል ነው። ነገር ግን መውረጃ አይሰጠውም። ከዚህም በላይ የሚያሳስበኝ፣ ሰው መንዘሩን ከለመደው በኋላ እውነተኛ ብልሽት የመጣ ቀን ልዩነቱን አለማወቁ ነው። የአንድ ገመድ ላስቲክ ተልጦ ፌዙ ብረቱን ቢነካ ያ በካፓሲተር የተገደበ ጥቂት ኮረንቲ አይደለም፤ ሙሉው 220 ቮልት ነው። ቴስተር በሁለቱም ጊዜ ስለሚበራ በእሱ ብቻ መለየት አይቻልም። ጡንቻን የሚያኮማትር ወይም እጅን የሚመልስ ዓይነት ከሆነ ዕቃውን ዳግመኛ ሳይነኩ ብሬከሩን ማውረድና ባለሙያ መጥራት ያስፈልጋል። የአራት ዓመት ልጅ ባለችበት ቤት ደግሞ ይህ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም።

ኒውትራሉን ሶኬቱ ውስጥ ከኧርዙ ብረት ጋር አገናኝ ያለዎት ሰው የመከረዎት እጅግ አደገኛ ነገር ነው፤ እባክዎን በምንም ምክንያት አያድርጉት። መንዘሩ ወዲያውኑ መጥፋቱ እውነት ነው፤ ሰዎችን የሚያሳስታቸውም ይኸው ነው። ከአከራይዎ ቤት ወደ እርስዎ በሚመጣው መስመር ላይ፣ በመሐል ተጠምዝዞ በፕላስተር የተጠቀለለ መቀጠያ መኖሩ በእንዲህ ዓይነት ግቢ የተለመደ ነው። ያ መቀጠያ በዝናብና በሙቀት ላልቶ ኒውትራሉ ቢቋረጥ፣ የበራ አምፖል ወይም የተሰካ ዕቃ ፌዙን ወደ ተቋረጠው ኒውትራል ስለሚያሳልፈው፣ ከኧርዙ ብረት ጋር የተያያዘ ዕቃ ሁሉ አካሉ 220 ቮልት ይሸከማል። ቴሌቪዥኑና መብራቱ ጠፍተው «መብራት ሄደ» ብለው ላፕቶፑን ሊነቅሉ ሲነኩት ይይዝዎታል። እንደዚሁም መስመሩን የጠገነ ሰው ፌዝና ኒውትራሉን አዘዋውሮ ቢቀጥላቸው ውጤቱ ያው ነው። ኒውትራልና ኧርዝ የሚገናኙበት ቦታ ካለ፣ የኤሌክትሪክ አገልግሎቱና ፈቃድ ያለው ባለሙያ በመስመሩ መግቢያ ላይ የሚወስኑት ነገር እንጂ በክፍል ሶኬት ውስጥ የሚሠራ አይደለም።

ስታብላይዘሩንም በተመለከተ፣ ሥራው ከፍና ዝቅ የሚለውን ቮልቴጅ ማስተካከል ነው፤ የሌለ ኧርዝ ሊፈጥር አይችልም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚያሳልፍ ዓይነት ከሆነ ጥሩ ነውና ያለዎትን ይጠቀሙበት፤ ትልቅ መግዛት ግን ለዚህ ችግር መፍትሔ አይሆንም። «ሰርጅ (ድንገተኛ የቮልቴጅ መናር) ይከላከላል» ተብለው የሚሸጡ ዲቫይደሮችም እንዲሁ ናቸው፤ ውስጣቸው ያሉት መከላከያዎች ትርፉን ቮልቴጅ ከፌዝ ወደ ኒውትራልና ወደ ኧርዝ ለማሳለፍ የተሠሩ ስለሆኑ፣ ኧርዝ በሌለበት ሥራቸው በከፊል ብቻ ነው።

አከራይዎን የሚጠይቁት ይህን ነው። በቆጣሪው አጠገብ መሬት ውስጥ ቢያንስ 1.5 ሜትር የሚገባ መዳብ ወይም መዳብ የተለበጠ ዘንግ ተተክሎ፣ ከእሱ በማያያዣ ብሎን የተጠበቀ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ወደ ማከፋፈያው ሳጥን እንዲገባ፣ ከሳጥኑም ወደ ክፍልዎ ሦስተኛ ሽቦ እንዲዘረጋ ነው። የውሃ ቧንቧን እንደ ኧርዝ መጠቀም ተገቢ አይደለም፤ ዛሬ ብረት ቢሆንም ነገ የተቀደደው ክፍል በፕላስቲክ ይቀየራል፤ እስከዚያም ድረስ ኮረንቲው የጎረቤት ቧንቧ ላይ ሊወጣ ይችላል።

ዘንጉ ብቻውን አይበቃም፤ ብዙ ሰው ችላ የሚለው እዚህ ላይ ነው። ዘንጉ ከመሬት ጋር ያለው መገናኛ ኮረንቲን የሚቋቋምበት መጠን 50 ኦም ቢሆን፣ ፌዝ ብረት ሲነካ የሚፈሰው 220 ለ50 ሲካፈል 4.4 አምፒር ነው። 16 አምፒር የሚለው ብሬከርዎ ይህን እንደ ተራ ጭነት ስለሚቆጥረው አይወርድም፤ ብረቱም ኮረንቲ ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ወደ መሬት የሚያመልጥ ኮረንቲ ሲያገኝ የሚቆርጥ፣ 30 ሚሊ አምፒር የሚል ምልክት ያለው አርሲዲ ብሬከር በክፍልዎ መስመር መነሻ ላይ መግባት አለበት። ይህ ብሬከር በፌዙ የሄደውንና በኒውትራሉ የተመለሰውን እያነጻጸረ ልዩነት ባየበት ቅጽበት ይቆርጣል። አከራዩ የመላውን ግቢ ለማደስ አቅም ባይኖራቸው እንኳ ዘንጉን፣ ሦስተኛውን ሽቦና ይህን ብሬከር ለእርስዎ ክፍል ብቻ ማስገባት ይቻላል።

የዲሹ ቱቦም በወፍራም ሽቦ ከዚሁ ኧርዝ ጋር ይያያዝ። ለዲሹ ብቻ ያልተያያዘ ሌላ ዘንግ መትከል ጉዳት አለው፤ መብረቅ አቅራቢያ ሲወድቅ በሁለቱ ዘንጎች መካከል የሚፈጠረው የቮልቴጅ ልዩነት የሚተላለፈው በእርስዎ ሪሲቨርና ቴሌቪዥን በኩል ነውና። የጎንደር ክረምት ነጎድጓዱ ብዙ ስለሆነ ይህንንም ልጨምር፦ ኧርዝ የተሟላለት ቤትም ቢሆን መብረቅ ሲያስተጋባ ፕለጉንም የዲሹን ገመድም መንቀል ያስፈልጋል። ፕለጉን ብቻ ነቅሎ የዲሹን ገመድ መተው በሩን ዘግቶ መስኮቱን መክፈት ነው። መንቀል ያለበት ግን ነጎድጓዱ ከመቅረቡ በፊት ነው፤ በላያችሁ እያስተጋባ ገመድ መያዝ አይገባም።

መልስ፦ የድምፅ ባለሙያ

ስለ ስፒከሮቹ ማጉረምረም አጭር ነገር ልበል። ኧርዙ ከተሠራ በኋላ ማጉረምረሙ ሊቀንስ ይችላል፤ ጨርሶ ላይጠፋም ይችላል። ምክንያቱም ላፕቶፑ በቻርጀሩ በኩል፣ አምፕሊፋየሩ ደግሞ በቴሌቪዥኑና በዲሹ ገመድ በኩል ኧርዝ ሲያገኙ ኮረንቲ የሚዞርበት ቀለበት ይፈጠራል። ሁሉንም በአንድ ዲቫይደር ላይ መሰካት ይህን ያሳንሰዋል። ካልበቃ በላፕቶፑና በአምፕሊፋየሩ መካከል የሚገባ ትንሽ የድምፅ ትራንስፎርመር አለ፤ ድምፁን በማግኔት አሳልፎ ሽቦውን ይለያያል። ቴሌቪዥንዎ የኦፕቲካል መውጫ ካለው ደግሞ ድምፁን በኤችዲኤምአይ ወደ ቴሌቪዥኑ አስገብተው፣ ከዚያ በኦፕቲካል ገመድና በመቀየሪያ ወደ አምፕሊፋየሩ ማድረስ ይችላሉ፤ የሚያልፈው ብርሃን ስለሆነ በዚያ ገመድ ኮረንቲ የሚሄድበት መንገድ የለም። ብሉቱዝ መቀበያም ያስኬዳል፤ ፊልም ሲያዩ ግን ድምፁ ከከንፈር እንቅስቃሴ ሊዘገይ ይችላል።

ጫጫታውን ለማጥፋት ብለው የቻርጀሩን የኧርዝ መያዣ በፕላስተር መሸፈን ወይም ኧርዝ በሌለው ማራዘሚያ መሰካት ግን አይገባም። በሠርግ ድንኳን ውስጥ ማይክራፎን ሲነኩ ከንፈራቸውን ኮረንቲ የያዛቸውን ዘፋኞች አውቃለሁ፤ ምንጩ ብዙ ጊዜ ይኸው ነበር።

ጠያቂ፦ ተከራይ፣ ከማራኪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የላፕቶፑ ድምፅ እንደተባለው ከዝርዝሩ ውስጥ ሲመረጥ ከቴሌቪዥኑ ወጥቷል። ሁሉንም ነቅዬ ገመዶቹን ካገናኘሁ በኋላ ስሰካ ብልጭታም የለም። የተበላሸው መሰኪያ በሌላ ገመድም ሆነ በላፕቶፑ ተሞክሮ ስላልሠራ፣ ለጊዜው በስዊቹ ለመቀጠል ወስኛለሁ። ለአከራዬ መልሳችሁን አነበብኩላቸው፤ ስለ ልጄ ሲሰሙ ግማሹን ወጪ ለመሸፈን ተስማሙ። ይሁንና በቆጣሪው አጠገብ ሠራተኛው መቆፈር ሲጀምር ከክንድ ጥልቀት በታች ጥቁር ድንጋይ ሆነበትና ዘንጉን በመዶሻ ቢመታው ጎበጠ። ሠራተኛው የተረፈውን ዘንግ ቆርጠን በላዩ ላይ ብዙ ጨው እናፍስበት ይላል። ይህ ያስኬዳል ወይ? ሥራው ካለቀ በኋላስ በትክክል መሠራቱን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ከአዘዞ

ዘንጉ አይቆረጥ። የከተማችን መሬት በብዙ ቦታ አፈሩ ስስ ሆኖ ከሥሩ ባዛልት ስለሆነ ይህ ያጋጥማል፤ ወደ ታች መውረድ ካልተቻለ ወደ ጎን መሄድ ነው። አለቱ እስከሚፈቅደው ጥልቀት ድረስ ቦይ ተቆፍሮ፣ ባዶ የመዳብ ሽቦ ወይም የመዳብ ጥፍጥፍ በርዝመቱ ተዘርግቶ በተነፋ አፈር ይሸፈን። ቦይው እርጥበት ወደማይለየው ወገን፣ ለምሳሌ ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ ወደሚያርፍበት ቦታ ቢያመራ ይመረጣል፤ ሰው ወይም ልጆች ቆፍረው እንዳያገኙት ግን ከመመላለሻ ይራቅ። ጨው ለጊዜው የኧርዙን የኦም ንባብ ያሳንሰዋል፤ ዝናብ ሲመጣ ታጥቦ ይሄዳል፤ በቆየበትም ጊዜ መዳቡንና ማያያዣውን ይበላል። የተፈጨ ከሰል ከአፈሩ ጋር ማደባለቅ እርጥበት ስለሚይዝ ይሻላል።

መሠራቱን ማወቂያው የኧርዝ መለኪያ ያለው ባለሙያ መጥቶ ሲለካው ነው። አሁን በክረምት መሬቱ ርሶ የሚገኘው ንባብ የሚያስደስት ሊሆን ይችላል፤ መጋቢት ወይም ሚያዝያ ላይ አፈሩ ሲደርቅ በድጋሚ ያስለኩት፤ የሚታመነው ያኛው ነው። ከአርሲዲው ላይ ያለችውን የመሞከሪያ ቁልፍ በየወሩ ይጫኑ፤ ሲጫኑ ካልወረደ ብሬከሩ ይቀየር። ቁልፏ የምትፈትነው ብሬከሩን ብቻ እንጂ ዘንጉን ስላልሆነ አንዱን በሌላው አይተኩ።

ብሬከሩ ከገባ በኋላ ያለ ምክንያት የሚወርድ ከመሰለዎት አያስወግዱት፤ ማለፊያም አይሥሩለት። ሁሉንም ዕቃ ነቅለው ብሬከሩን ይመልሱና አንድ በአንድ እየሰኩ ይዩ፤ ሲሰካ የሚያወርደው ዕቃ ኮረንቲ ወደ ብረቱ የሚያሳልፈው እሱ ነው፤ ያን ለጠጋኝ ይስጡት። ምንም ሳይሰካ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ከግድግዳው መስመር ነውና በተለይ ዝናብ የሚያገኘውን የውጭ አምፖልና መቀጠያዎቹን ያስፈትሹ።